ጢቾ ያስቀመጥኳቸው ስድስት ቃላት

የባለቤቴን ደብተር ከሰል ምድጃ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ደብተሩን በገዛ እጇ ብትሰጠኝም እሳቱ የእኔ ሐሳብ ነበር። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ የተበላ የተማሪ ደብተር ነው። የኢሜይሏ፣ የባንኳ፣ የየማመልከቻው ፓስወርድ ሁሉ እዚያ ውስጥ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ የተለወጠው ተሰርዞ አዲሱ ከጎኑ ተጨምሯል። እኔ አሰላ ውስጥ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ቀን ተማሪዎቼን "ፓስወርድ ወረቀት ላይ እንዳትጽፉ" ስል ውዬ ቤቴ ስገባ ያ ደብተር ፍሪጁ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ያሳፍረኝ ነበር።

ስለዚህ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁና ከቁም ሳጥኑ አጠገብ አስቀምጬ፣ የቤታችንን ፓስወርድ ሁሉ ቆልፎ የሚይዝ ፕሮግራም ጫንኩበት። ይህን አገልግሎት በነጻ የሚሰጡ ድርጅቶች ሞልተዋል። እኔ ግን የቤቴን ቁልፍ የማላውቀው ሰው ዘንድ አላስቀምጥም አልኩ። ማሽኑ ቢበላሽ ወይም ቢሰረቅ ደግሞ ብዬ በየቀኑ የሁሉንም ቅጂ እያዘጋጀ፣ እየቆለፈ፣ ውጭ አገር ወደተከራየሁት የኢንተርኔት ማከማቻ እንዲልክ አደረግኩት። ቅጂው የሚቆለፍበት ቁልፍ ስድስት የኦሮምኛ ቃላት ነበሩ። ሰው ራሱ የመረጠው ቃል ይገመታል ብዬ የሉዶ ዳይስ እየጣልኩ ከመዝገበ ቃላት ነው ያወጣኋቸው። እኔ ራሴ እንኳ በቃሌ አልያዝኳቸውም። አንዱን ግልባጭ እዚያው ማሽኑ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሌላውን በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ወረቀት ላይ ጽፌ በፖስታ አሸግኩና ጢቾ ለሚኖሩት ለአባቴ ታናሽ ወንድም ወሰድኩላቸው። አቤራ ነው የምላቸው፤ በኦሮምኛ የአባት ወንድም ማለት ነው። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ያሳለፉ፣ የሰው ምስጢር መያዝ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም። "አማና ነው፣ አደራ" ብለው ተቀበሉኝ፤ በቃ።

ደብተሩ በተቃጠለ ዕለት ባለቤቴ ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር።

"አንድ ቀን አልከፈት ቢልስ?" አለችኝ።

"ቅጂው ውጭ አገር አለ። ምንም አይሆንም።"

ይህን የተናገርኩት ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ቅጂ መላኩን እንጂ የተላከው ተመልሶ መከፈቱን አንድም ቀን ሞክሬ አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትፈተን፣ አንዴ በነጥብ ስትወድቅ፣ አንዴ ቦታ ሞልቷል ስትባል ቆይታለች። በዚያ ክረምት አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ስትወጣ፣ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ፦ አልፋለች። ግን እስከ አርብ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ድረ ገጹ ላይ ገብታ ቦታውን እንደምትፈልግ ካላረጋገጠች ለተጠባባቂ ይሰጣል። ቤት ገብታ ደጋግማ አነበበችልኝ። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ተኝቼ ስነሳ እንገባለን አለች፤ እኔም ኮሌጅ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ከጭላሎ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ወረደና ያ ሐምሌ የሚያመጣው ዓይነት ዝናብ ጀመረ። መብረቁ ቅርብ ነበር። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሰው ጎድሏል ተብላ ለማታውም ተራ ተጠርታ ሄዳለች። ክፍሉ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። የማሽኑን ክዳን ፈትቼ አየሁት፤ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን ጠቁሯል፣ ሃርድ ዲስኩንም አውጥቼ ከላፕቶፔ ጋር ባገናኘው ምንም ድምፅ የለውም። ሞቷል።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ለዚህ ቀን ነበር እኮ ቅጂ የምልከው። የማከማቻውን ፓስወርድ በቃሌ ስለማውቅ በስልኬ ኢንተርኔት ከላፕቶፔ ገባሁ። የፋይሎቹ ዝርዝር መጣ። የመጨረሻውን ቀን ሳይ ዓይኔ ተሳስቷል ብዬ ገጹን እንደገና ከፈትኩት። የመጨረሻው ቅጂ ከአርባ ቀን በፊት የተላከ ነው። ማከማቻው ሞልቶ ኖሮ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በየቀኑ ለመላክ ሲሞክር፣ በየቀኑ ሲመለስበት ከርሟል። ለኔ የነገረኝ ነገር የለም፤ እንዲነግረኝ አላደረግኩትማ።

አርባ ቀን። ባለቤቴ የማመልከቻውን ድረ ገጽ አካውንት የከፈተችው ከአንድ ወር በፊት ነው፤ ቅጂው ውስጥ የለም ማለት ነው። የኢሜይሏ ፓስወርድ ግን የቆየ ስለሆነ ይኖራል። ኢሜይሏ ከተከፈተ በዚያ በኩል አዲስ ፓስወርድ ማስላክ ይቻላል። ሌላ መንገድ ስፈልግ አመሸሁ። ኢሜይሉ የተመዘገበበት የድሮ ስልክ ቁጥሯ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሮጌው ስልኳ ውሃ ገብቶበት ከሞተ ሁለት ሳምንት አልፏል፤ አዲሱ ላይ "ቅዳሜ አስገባልሻለሁ" እያልኩ እስካሁን ምንም አላስገባሁላትም። የኔም ስልክ ፓስወርዶቹን የሚከፍተው ማሽኑን ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ለጥንቃቄ ብዬ ያደረግኩት ነው ይህም። የቀረው ያወረድኩት የአርባ ቀን ቅጂ ብቻ ነበር። እሱም የሚከፈተው በስድስቱ ቃላት ነው። ስድስቱ ቃላት ደግሞ አንድም የሞተው ማሽን ውስጥ፣ አንድም ጢቾ ናቸው።

የአቤራ ስልክ ላይ ደወልኩ። ዝግ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው።

ሁለት ሰዓት ግድም ባለቤቴ ከሆስፒታል ደወለች።

"መብራት ስለሌለ ነው ዛሬ ያልገባነው አይደል? ነገ ጠዋት እንገባለን?"

"አዎ። ግን እኔ በማለዳ ጢቾ ደርሼ መምጣት አለብኝ፤ አቤራ ፈልገውኛል።"

"ታመሙ እንዴ?"

"አይ፣ ትንሽ ጉዳይ ነው። ከቀትር በፊት እመለሳለሁ።"

"ማሽኑስ ደህና ነው? እዚህ መብረቁ አንድ ማሞቂያ አቃጥሎብናል።"

"ደህና ነው" አልኳት። በትዳራችን ውስጥ ከዚያ በፊት ያልዋሸኋት ሰው ነኝ ማለት አልችልም፤ ግን ያን ያህል ቀዝቀዝ ብዬ የዋሸሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

አርብ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ነበርኩ። ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ ጃኬቴ ውስጥ ይዤዋለሁ። መብራት ስላልመጣ ባትሪው ስልሳ በመቶ ነው። እስከ ሳጉሬ ያለው ሚኒባስ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ቆመ። ሳጉሬ ላይ ወደ ጢቾ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ ሌላ ሰዓት ሄደ። ጭጋጉ መሬት ላይ ስለተኛ ሾፌሩ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ሁለት ቦታ ወርደን ጭቃ ውስጥ ገፋን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስለ ገብሱ፣ ዝናቡ ስለመብዛቱ ያወራኛል፤ እኔ አዎ አዎ እላለሁ። ሰዓቴን ያየሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ጢቾ ስገባ አራት ሰዓት አልፏል።

አቤራ በረንዳቸው ላይ ጫማቸውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ሰላምታው እስኪያልቅ እንኳ መታገሥ አቃተኝ።

"አቤራ፣ ያ ፖስታ አለ? የሰጠሁዎት?"

"አለ እንጂ። የት ይሄዳል?" አሉና ገቡ። የቆርቆሮ ሳጥናቸውን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡ። የመሬት ካርታ፣ የጡረታ ደብተር፣ የጋብቻ ወረቀት አንድ በአንድ አነሱ። ከሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ንጹሕ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። የኔ ፖስታ አልነበረም።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ፣ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ገባ። ፖስታህ ረጠበ። ከፍቼ ፀሐይ ላይ ባሰጣውም ቀለሙ ሊሄድ ነው። ሳይጠፋ ቶሎ ብዬ ገለበጥኩልህ። አማና ነው፣ እንዴት ይጥፋ?"

ወረቀቱን ዘረጋሁት። በዚያ ውብ፣ ለፍርድ ቤት መዝገብ በተገራ እጃቸው ስድስት ቃላት ተጽፈዋል። በቁቤ ሳይሆን በግዕዝ ፊደል፦ ራፉ፣ ቆራን፣ ጋራ፣ ኢብሳ፣ ቦና፣ ቢሳን።

"ላቲኑ እጄ አይታዘዝልኝም" አሉ ፊቴን እያዩ። "በማውቀው ፊደል ብጽፈው እንዳልሳሳት ብዬ ነው። አበላሸሁ?"

"የለም፣ የለም" አልኩ። አበላሹ ማለት እንዴት ይቻላል? ዋናው ወረቀት ደርቆ ፈራርሶ ከተጣለ ዓመት ሆኖታል። እሳቸው ባይኖሩ ይህም አልነበረም።

ችግሩ እንዲህ ነው። በቁቤ አንድ አናባቢ ረዝሞ ሲነገር ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ሲያጥር አንድ ጊዜ። አቤራ የጻፉት ፊደል ይህን አይለይም። ራፉ፣ ራ የሚለው ድምፅ ሲረዝም፣ ጎመን ነው፣ ሲያጥር መተኛት። ቦና ሲያጥር በጋ ነው፣ ሲረዝም ኩራት። ጋራም እንደ አነባበቡ ተራራ ይሆናል ወይም ሆድ። ማሽኑ ደግሞ አንዲት ፊደል ብትጎድል አይከፍትም።

"አቤራ፣ ይሄ ራፉ ጎመን ነው ወይስ እንቅልፍ?"

ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

"ልጄ፣ እኔ ፊደሉን እንጂ ነገሩን አላየሁም" አሉ አቤራ። ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። "ጋራ ያልኩት ተራራውን ይመስለኛል። ሆድ ቢሆን ገራ ብዬ እጽፍ ነበር። ግን አልምልም። ዓይኔ ደክሟል።"

ሦስት ቃል፣ እያንዳንዱ ሁለት መልክ። ሲባዛ ስምንት ነው። ስምንት ጊዜ ብቻ መሞከር ማለት ነው። በቃላቱ መካከል ሰረዝ እንዳደረግኩ አስታውሳለሁ። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ፕሮግራሙ ሌባ ቶሎ ቶሎ እንዳይሞክር ተብሎ ሆን ተብሎ ቀስ እንዲል የተሠራ ነው፤ አንዱ ሙከራ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አቤራ አጠገቤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። የመጀመሪያው፤ ስሕተት። ሁለተኛው፤ ስሕተት። አራተኛውን አሳስቼ ጻፍኩና ደገምኩት። ሰባተኛው እምቢ ሲል ስምንተኛው ነው ማለት ነው አልኩ። ስምንተኛውም እምቢ አለ።

ባትሪው ሠላሳ አንድ በመቶ ነው። ሰዓቱ አምስት ተኩል። ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩ፤ የቆራንን የመጨረሻ ድምፅ አስረዘምኩ፣ የኢብሳን አሳጠርኩ፣ ትልቅ ፊደል አደረግኩ። ባትሪው ሃያ ሁለት ገባ። የጁምዓ አዛን ተሰማ። አቤራ ተነሱ፤ ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

"የማን ነው ነገሩ? ያንተ ነው?"

"የባለቤቴ ነው።"

"ታውቃለች?"

ላፕቶፑን ከደንኩት።

"የሰውን ነገር ባለቤቱ ሳያውቅ እንዴት ትፈርድበታለህ?" አሉኝና ለሶላት ሄዱ።

ቤታቸው ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ላፕቶፑን ይዤ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን አቀበት ወጣሁ። ሁለት መስመር ሲያሳይ ደወልኩ። አነሳችው፤ በሯን ስትዘጋ ሰማኋት።

"የት ነህ? እየጠበቅኩህ ነው። መብራት መጥቶም ማሽኑ እኮ አይበራም።"

"ስሚኝ። ማሽኑ በትናንቱ መብረቅ ነው የተቃጠለው። ትናንት ደህና ነው ያልኩሽ ዋሽቼ ነው።" ከዚያ ሳላቋርጥ ሁሉንም ነገርኳት፤ የቆመውን ቅጂ፣ የረጠበውን ፖስታ፣ ስምንቱን ሙከራ። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"አለሁ" አለች። "ደብተሬ ሲቃጠል ምን ብዬ እንደጠየቅኩህ ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ።"

"ሦስት ዓመት ነው የጠበቅኩት።" ድምፅዋ አልጮኸም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ቃላቱን አንብብልኝ።"

አነበብኩላት። ቀስ ብላ ደገመቻቸው። "የመጨረሻውን እንደገና በለው።"

"ቢሳን።"

"ከየት ነው ያወጣኸው? ከመዝገበ ቃላት አላልክም?"

"አዎ።"

"መዝገበ ቃላቱ ታዲያ መቼ እንደናንተ ይጽፋል? ቢሻን ነው የሚለው።"

እሷ ያደገችው አምቦ በኩል ነው። እዚያ ውሃ ቢሻን ነው፤ እኛ አርሲዎች ቢሳን እንላለን። አቤራ ከረጠበው ወረቀት ላይ ያነበቡትን በልባቸው እንደሚሰሙት ጻፉት። እኔም አርሲ ነኝና ሳነበው ምንም አልጎረበጠኝም። ስልኩን ሳልዘጋ እርጥብ ሣር ላይ ተንበርክኬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጎመን፣ ተራራ፣ በጋ፤ እምቢ። ጎመን፣ ተራራ፣ ኩራት፤ እምቢ። ባትሪው አስራ አምስት። መተኛት፣ ተራራ፣ በጋ።

ተከፈተ። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ከታች ፍየል የሚጠብቁ ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝ።

"ተከፈተ?" አለች።

"ቅጂው ተከፈተ። ያንቺ ክፍል ግን በራስሽ ዋና ፓስወርድ ነው የሚከፈተው።"

ፕሮግራሙ ቤታችን በገባ ጊዜ አንድ ነገር አጥብቄ አስተምሬያት ነበር፦ ያንን ዋና ፓስወርድ ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን እንዳትነግር። አልነገረችኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። አሁን ነገረችኝ። ምን እንደነበር እዚህ አልጽፈውም። ስለ እኔ አልነበረም፤ ስለ ሞቱት እናቷ የምትላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። በዚያ ጭቃ ላይ፣ በዚያ ጥድፊያ መካከል ልሰማው የሚገባ ነገር አልነበረም። ጻፍኩት።

የኢሜይሏ ፓስወርድ ሃያ አራት ፊደልና ቁጥር ነው፤ እኔው ነኝ እንዲያ እንዲረዝም ያደረግኩት። አንድ በአንድ አነበብኩላት። መሃል ላይ መስመሩ ተቆረጠ፤ መልሼ ደወልኩ፣ ከአስራ አንደኛው ቀጠልን። አንዴ ትልቁን ፊደል ትንሽ ብላ ጻፈች፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ባትሪው አራት በመቶ ሲል የመጨረሻውን ምልክት ነገርኳት፤ ወዲያው ስክሪኑ ጠፋ።

"ገባሁ" አለች። ከዚያ "ቆይ" ብላ ዘጋችው።

አቀበቱ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እንድደውል አልነገረችኝም፤ ደውዬ ሥራዋን ማቋረጥ ፈራሁ። ዝናብ ጀመረ። ላፕቶፑን በፌስታሉ ጠቅልዬ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሥር ተጠለልኩ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ አጭር መልእክት ገባ፦ "አረጋገጥኩ። ደረሰኝ።" ሌላ ምንም የለውም።

ወደ አቤራ ቤት ተመልሼ ስነግራቸው "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ምሳ ሳልበላ አልለቀቁኝም። የተሳሳተችውን ፊደል አልነገርኳቸውም።

አሰላ ስገባ መሽቷል። ባለቤቴ አልተኛችም። ሻይ ሰጠችኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዛሬ ጢቾ መንገድ ላይ መኪናው ቢገለበጥ እኔ ምን አደርግ ነበር?"

ሻዩን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

"ማሽንህን አልጠላሁም" አለች። "የጠላሁት አንተ ብቻ የምታውቀው መሆኑን ነው። ጠብቄልሻለሁ አልከኝ እንጂ እንዴት እንደምገባ አላሳየኸኝም።"

ብዙ ቀን ከአስፈላጊው ቃል በቀር አታናግረኝም ነበር። በእነዚያ አርባ ቀናት ውስጥ የተከፈቱ ሁለት ሦስት አካውንቶች ጨርሰው ጠፍተዋል፤ አንዱን ለማስመለስ ወራት ፈጅቶብኛል። ዋና ፓስወርዷን በማግሥቱ ቀይራለች። አዲሱን አላውቀውም፤ እንደዚያም ይሻላል።

ትምህርቷን ከመጀመሯ በፊት በነበረው ወር አንድ እሑድ ላፕቶፗን ጠረጴዛ ላይ አደረገችና "አንተ እዚያ ተቀመጥ፣ አፍህን እንዳትከፍት" አለችኝ። አዲስ ያስገባነው ማሽን የላከውን ቅጂ ከማከማቻው ራሷ አወረደች። ቁልፉን፣ አሁን እሷ ራሷ ያወጣቻቸውን ቃላት፣ ራሷ ጻፈች። ሁለት ቦታ ተሳሳተች፤ ሁለቱንም ጊዜ እጄን ጉልበቴ ሥር አድርጌ ዝም አልኩ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባት። ዝርዝሩ ሲከፈት የመጨረሻውን ቅጂ ቀን ጣቷን አስደግፋ አነበበች፤ የዚያው ቀን ጠዋት ነበር። ከዚያ ላፕቶፑን ወደኔ አዙራ "በል፣ አሁን ያንተ ተራ ነው፤ አንተም ከመጀመሪያው ጀምረህ ክፈተው" አለችኝ።